ለምት ዝግ፣ ለገላጋይ ክፍት፦ የተዋጊ ሮቦት የኃይል ማገናኛና የማቆም ሥልጣን

የተዋጊ ሮቦት የኃይል ማገናኛ በባትሪውና በሞተሮቹ መካከል የሚሰካ አጭር የሽቦ ድልድይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፕላስቲክ ስፒና ሲሆን ሁለቱ ጫፎቹ በወፍራም ሽቦ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ሲሰካ ኃይል ያልፋል፣ ሮቦቱም ነፍስ ይዘራል። ሲነቀል ሞተሮቹ ከባትሪው ይለያሉ፣ ሮቦቱም እንደ ማንኛውም ቁራጭ ብረት ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር የት ይቀመጥ? በምን ይጠበቅ? ጥያቄው ለመሐንዲስ ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ከሃይማኖትና ከፍልስፍና ጥያቄዎች አንዱን ተሸክሞ ይገኛል። ጉልበት ያለውን ነገር የማቆም ሥልጣን የማን ነው? የባለቤቱ ብቻ ነው ወይስ አደጋው ሊደርስበት የሚችል ሰው ሁሉ ድርሻ አለው?

የተዋጊ ሮቦቶች ውድድር በሰፊው የታወቀው በ1994 እ.ኤ.አ. ማርክ ቶርፕ በሳን ፍራንሲስኮ ባዘጋጀው «ሮቦት ዎርስ» ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ፣ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ «ባትልቦትስ» በሚል ስም በአሜሪካ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በብሪታንያ ከሚወዳደሩት አንዳንዶቹ 150 ግራም ብቻ፣ ትልልቆቹ እስከ 110 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። አንዱ ተጋጣሚውን በክንዱ ይገለብጣል፤ ሌላው የብረት ምላጭ ያሽከረክራል። በባትልቦትስ ደንብ የተሽከርካሪ መሣሪያ ጫፍ በሰዓት ከ250 ማይል፣ ማለትም ከ400 ኪሎ ሜትር ግድም፣ በላይ እንዳይፈጥን ገደብ ተጥሎበታል። ውጊያው የሚካሄደው በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ በታጠረ ሜዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሮቦቶቹ በሚፋለሙበት ሰዓት ተመልካቹ ከአጥሩ ውጭ ነው፣ ደኅና ነው። አደጋው ያለው ከውጊያው በፊትና በኋላ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሰው ወደ ሮቦቱ ሲጠጋ፣ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ሲጠገን፣ በሰው መካከል ሲጓጓዝ። ማገናኛው የተፈጠረው ለእነዚህ ሰዓቶች ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ ለምን አይበቃም? በብሪታንያ የተዋጊ ሮቦቶች ማኅበር የግንባታ ደንብ ለዚህ ተግባር ማብሪያ ማጥፊያን አይቀበልም፤ በእጅ የሚነቀል ማገናኛን ያዛል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ በውስጡ ያለው ብረት በከፍተኛ ኃይል ቀልጦ ሊጣበቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከውጭ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት እያሳየ በውስጡ ኃይል ያሳልፋል። በምትም ቦታውን ሊስት ይችላል። የተነቀለ ማገናኛ ግን አይዋሽም፤ ሠሪው በእጁ ይዞታል፣ ሌላውም ሰው በዓይኑ ያየዋል። «ጠፍቷል» የሚለው ቃል እምነት ይጠይቃል። «ተነቅሏል» የሚለው ግን ማስረጃው በመዳፍ ላይ ነው። የሰው ሕይወት ባለበት ቦታ ከቃል ይልቅ ማስረጃ መያዝ ይገባል የሚለው ፍርድ በዚህች ቁራጭ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ አይደለም። በሞፈርና በቀንበር መካከል ምራን አለ፤ ሁለቱን የሚያስር የቆዳ ጠፍር ነው። ጉልበቱ በበሬዎቹ ትከሻ ላይ ነው፣ ሥራው በማረሻው ጫፍ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ምራኑ ነው። ምራኑ ሲፈታ በሬውም በሬ ነው፣ ማረሻውም ማረሻ ነው፤ እርሻ ግን የለም። ገበሬው ምራኑን ከማረሻው ስለት አጠገብ አያስርም፤ ቆሞ ሊደርስበት ከሚችለው ቦታ ያስረዋል። አውሬ አይቶ የደነበረ በሬ ሞፈሩን እየጎተተ ሲሮጥ ሰው የሚጎዳው ምራኑ እስካልተፈታ ወይም እስካልተበጠሰ ድረስ ነው።

የሚሰካና የሚነቀል ነገር በጦር መሣሪያም ላይ አለ። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የታች አርማጭሆዋ ሳንጃ ከተማ ስሟ በአማርኛ በጠብመንጃ አፍ ላይ ከሚሰካው ስለት ስም ጋር አንድ ነው። የጦር መሣሪያው ሳንጃ የሚሰካና የሚነቀል ነው፤ ሲነቀል ወደ ሰገባው ይገባል። በሳንጃውና በሮቦቱ ማገናኛ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ሳንጃ ሲነቀል የሚወጣው ስለቱ ነው፤ ጠብመንጃው ግን አሁንም ሊተኩስ ይችላል። ማገናኛው ሲነቀል ስለቱ በቦታው ይቀራል፤ የሚወጣው ኃይሉ ነው። አንደኛው የመሣሪያን አንድ ገጽ ያነሣል፣ ሁለተኛው የመሣሪያነቱን ምንጭ ያነሣል። ተመራጩ ጥንቃቄ ሁለተኛው ነው፤ ስለቱን ሸፍኖ ኃይሉን መተው ግማሽ ጥንቃቄ ነውና።

ከተማዪቱ ሳንጃ ደግሞ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት፤ ማሽላ ባለበት ወፍጮ አለ። በናፍጣ በሚሠራ ወፍጮ ቤት የሞተሩ ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚሄደው በቺንጋ ነው። አንዲት እናት ተራዋን ስትጠብቅ የነጠላዋ ጫፍ ወደሚሽከረከረው ቺንጋ ተሳበ እንበል። ወፍጮኛው ከውጭ ጆንያ እያስተካከለ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞተሩን ማጥፋት የሚችለው ወፍጮኛው ብቻ ከሆነ፣ ወይም ማጥፊያው ከቺንጋው ባሻገር ከሆነ፣ አጠገቧ የቆመው ሰው እጁ ሙሉ ሳለ ምንም ማድረግ አይችልም። ማጥፊያው በሰው ወገን፣ በግልጽ ቦታ ከሆነ ግን ሥራውን የማያውቅ ልጅ እንኳ ሊያድናት ይችላል። ልዩነቱ የጥቂት እርምጃ ነው፤ ያ ጥቂት እርምጃ ግን ሞተሩ ሲተከል አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አደጋው ከመድረሱ ከወራት በፊት አንድ ሰው ማጥፊያውን የት እንደሚያደርግ ሲያስብ ስለማያውቃት እናት ወስኗል። የአቀማመጥ ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የሮቦት ማገናኛ አቀማመጥም በዚሁ መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው መስፈርት ከመሣሪያው መራቅ ነው፤ ማገናኛውን ለመንቀል የተዘረጋ እጅ በምላጩ ወይም በመንኮራኩሩ መንገድ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛው መታየት ነው፤ ሮቦቱን አይቶት የማያውቅ ሰው በአንድ እይታ እንዲያገኘው ቦታው በግልጽ ምልክት ይደረግበታል። ሦስተኛው ያለ መሣሪያ መነቀል ነው፤ ካቻቪቴ ፍለጋ የሚያስሮጥ ማገናኛ በእሳት ጊዜ እንደሌለ ይቆጠራል። ሊቲየም ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲጨፈለቅ ሊቀጣጠል ስለሚችል ይህ ሩቅ ግምት አይደለም። አራተኛው የሮቦቱ አወዳደቅ ነው። ከውጊያ በኋላ ሮቦቱ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል፤ ማገናኛው በሆዱ ወይም በጀርባው ብቻ ከሆነ ለመንቀል ሲባል ሕይወት ያለውን ሮቦት መገልበጥ ግድ ይሆናል። ጥንቁቅ ሠሪ ስለዚህ ወደ ጎን ያደርገዋል፣ ወይም ከላይም ከታችም የሚደረስበት ቀዳዳ ያበጅለታል።

አቀማመጡ ሲስተካከል የጥበቃው ጥያቄ ይከተላል፤ ሁለት መልካም ነገሮች የሚጋጩትም እዚህ ነው። ማገናኛው በቀላሉ የሚነቀል ከሆነ የተጋጣሚ ምትም ሊነቅለው ይችላል። በውጊያ መካከል ማገናኛው የወጣበት ሮቦት ባለበት ይቆማል፤ የወራት ድካም በአንዲት ስፒና ይሸነፋል። ይህን የፈራ ሠሪ ማገናኛውን ወደ ውስጥ መቅበር፣ በብሎን መዝጋት፣ ራሱ ብቻ በሚያውቀው ጥግ መሸሸግ ይቃጣዋል። ያኔ ድሉን ሊያቆመው ከሚመጣ እንግዳ ሰው እጅ አስቀድሟል፤ ባይናገረውም ፍርዱን ሰጥቷል።

መውጫው ምትና እጅ አንድ አለመሆናቸውን ማስተዋል ነው። ምት ድንገተኛ፣ ዕውርና ከውጭ የሚመጣ ነው። እጅ ዝግተኛ፣ ዐዋቂና ፈልጎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ለምት ዝግ፣ ለእጅ ግን ክፍት ሊሆን ይችላል። ማገናኛው ከሮቦቱ ገጽ ጥቂት ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ምላጭ አያገኘውም፤ ሁለት ጣት ግን ያገኘዋል። በላዩ ክዳን ሊደረግ ይችላል፤ የብሪታንያው ደንብ ክዳንን የሚፈቅደው ያለ መሣሪያ የሚከፈት ከሆነ ነው። የሽቦው ቀለበት ለጣት እንዲመች በቂ፣ በተጋጣሚ ጥርስ እንዳይያዝ ደግሞ አጭር መሆን አለበት። ሶኬቱ ከአካሉ ጋር በደንብ ካልተያያዘ ንዝረት ያላላዋል፤ ከኋላው ያለው ሽቦ የተወጠረ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ልል ይደረጋል። ከባትሪው ወገን ያለው የሶኬቱ ብረት ማገናኛው ከወጣም በኋላ ኃይል ስላለው ከሮቦቱ አካል ጋር እንዳይነካካ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀራል። እነዚህ ዝርዝሮች ሁሉ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፦ ከጠላት ጠብቅ፣ ከረዳት አትሸሽግ።

የአሰካክና የአነቃቀል ሥርዓትም አለው። ሮቦቱ ወደ ሜዳ ሲገባ መሣሪያው እንዳይንቀሳቀስ በብረት ዘንግ ታስሮ ነው። ማገናኛው የሚሰካው ሰው ሁሉ ከመሣሪያው መንገድ ከራቀ በኋላ ነው፤ ከውጊያው በኋላም ለሌላ ሥራ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ይነቀላል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ማገናኛው ኃይልን ይቆርጣል እንጂ የተለቀቀውን ጉልበት አይመልስም። በሙሉ ፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ ምላጭ ኃይሉ ከተቆረጠ በኋላም በራሱ ግፊት መዞሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ቆሞ እስኪታይ ድረስ ማንም አይጠጋውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ የማቆም ጥበብ ሁሉ ወሰኑ ይኸው ነው፤ ያለፈውን አያድንም፣ የሚቀጥለውን ብቻ ይከለክላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክርም ከዚሁ የመነጨ ነው።

ይህ ሁሉ የሠሪው ቸርነት ነው ወይስ ዕዳው? ኦሪት መልሱን ከጥንት ሰጥታለች። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ወጊ በሬ የተሠራው ሕግ ሁለት ሰዎችን ይለያል። በሬው ተዋጊ መሆኑን ሳያውቅ ሰው የወጋበት ባለቤት አለ፤ ተነግሮት፣ አውቆ፣ ያልጠበቀውም አለ። የሁለተኛው ዕዳ ከባድ ነው። በዚያው ምዕራፍ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ሰው እንዳይወድቅ መከታ እንዲያበጅለት ታዟል። ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ክፉ አስቦ እንደ ሆነ አይጠየቅም። በሬ ያሳደገው ለእርሻ፣ ጉድጓድ የቆፈረው ለውኃ፣ ቤት የሠራው ለመጠለያ ነው። ዕዳው የሚመነጨው ከሐሳቡ ሳይሆን ወደ ዓለም ካመጣው ነገር ጉልበት ነው። ተዋጊ ሮቦት የሠራ ሰው ደግሞ «አላወቅሁም» ለማለት ቦታ የለውም፤ በሬው እንዲዋጋ አድርጎ የሠራው ራሱ ነውና።

የኢትዮጵያ ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በአንቀጽ 2077 ሕንጻን፣ በአንቀጽ 2081 መኪናዎችንና ባለሞተር ተሽከርካሪዎችን፣ በአንቀጽ 2085 ተሠርተው የሚወጡ ዕቃዎችን በተመለከተ ተመሳሳይ ኃላፊነት ይደነግጋል። ከወጊው በሬ እስከ ሞተሩ ድረስ መስመሩ አልተቋረጠም፤ ጉልበትን የያዘ ጉልበቱ ለሚያመጣው ይጠየቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ስለ ካሣ የሚናገረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ከጉዳት በፊት የማቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚናገረው ሌላ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥርዓት ነው፤ «በሕግ አምላክ» የሚለው ጥሪ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ አንዱ ዱላ ሲያነሣ፣ መንገድ ላይ ያለፈ ማንም ሰው «በሕግ አምላክ» ሊል ይችላል። ዳኛ መሆን፣ መሣሪያ መታጠቅ፣ ተጣዪዎቹን ማወቅ አያስፈልገውም። ቃሉ ሲሰማ እጅ መውረድ አለበት፤ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል እስኪባል ድረስ ተከብሯል። ሥልጣኑ የተናጋሪው ስላልሆነ ደካማው ኃይለኛውን ያቆምበታል። አርማጭሆን በመሰለ መሣሪያ የወንድ ልጅ ጌጥ በሆነበት አገር ይህ ቃል ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ በሰው ላይ የተሠራ፣ ለማንም እጅ የተተወ ማገናኛ ነው ማለት ይቻላል።

ገላጋይም የሚባለው ሰው በዚሁ ሥርዓት ይቆማል። የተቆጣ ሰው በራሱ የሚቆምበት ኃይል በዚያች ሰዓት ደክሟል፤ ልቡናው በንዴት ተሸፍኗል። ስለዚህ ማቆሚያው ከእርሱ ውጭ፣ በሌላ ሰው እጅ መገኘት አለበት። «ራሴን እቆጣጠራለሁ» የሚል ሰው ገላጋይን ከመንገዱ እንደሚያባርር ሁሉ፣ «ሮቦቴን እኔ እቆጣጠረዋለሁ» የሚል ሠሪም ማገናኛውን ይሸሽጋል። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ መቆጣጠሪያው በሚጠፋበት ሰዓት መቆጣጠሪያው እንደሚኖር ያምናሉ። የሬዲዮ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሮቦቱ በራሱ እንዲቆም ደንብ የሚያስገድደውም፣ ከዚያም በላይ በእጅ የሚነቀል ማገናኛ የሚጠየቀው፣ ማንም በራሱ ላይ ብቻ እንዳይታመን ነው።

መቆም በሃይማኖት ዓይንም ጉድለት አይደለም። ሰንበት የሥራ መቋረጥ ሆኖ ሳለ የፍጥረት አካል ነው፤ ዐሥርቱ ትእዛዛትም ዕረፍቱን ለባለቤቱ ብቻ አይሰጡም፤ አገልጋዩ፣ በሬው፣ አህያውና በደጁ ያለው እንግዳም አብረው እንዲያርፉ ያዝዛሉ። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜንና የእሑድን ሰንበት ካጸና ወዲህ ሁለቱም ቀናት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይከበራሉ። በእነዚያ ቀናት ምራኑ ይፈታል፤ ገበሬው ስለ ምርቱ ማሰቡ ይህን አያስቀርም። ለእንግዳው የተሰጠ ማቆሚያ የባለቤቱን መብት እንደማይሰርቅ፣ ይልቁንም ሥራውን ከክፋት እንደሚጠብቅለት ከዚህ መማር ይቻላል።

አንድ ተቃውሞ ግን ይነሣል። ማቆሚያው ለማንም እጅ ክፍት ከሆነ ተንኮለኛም ሊነቅለው ይችላል፤ ወፍጮው ያለ ምክንያት ይቆማል፣ ሮቦቱ ባልተገባ ሰዓት ይሞታል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ሁለቱ ጉዳቶች እኩል አይደሉም። ያለ ምክንያት የቆመ ወፍጮ ዳግመኛ ይነሣል፣ ያለ ምክንያት የተነቀለ ማገናኛ ዳግመኛ ይሰካል። በጊዜው ባለመቆሙ የጠፋ ጣት ወይም ዓይን ግን አይመለስም። የሚመለሰውን ጉዳት ተሸክሞ የማይመለሰውን መከላከል ፍርድ ነው። «በሕግ አምላክ» ብሎ ያለ ምክንያት የጮኸ ሰውም ተገቢ ወቀሳ ይደርስበታል እንጂ ቃሉ ራሱ አይሻርም።

ጥያቄው ከጨዋታ ሜዳ ወጥቶ ወደ ጦር ሜዳ ገብቷል። ያለ ሰው ውሳኔ ዒላማ መርጠው ሊመቱ የሚችሉ መሣሪያዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጄኔቫ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት ሥር ሲመከርባቸው ቆይቷል። እዚያም የክርክሩ ልብ ይኸው ነው፤ የማቆም ሥልጣን ከሰው እጅ ይውጣ ወይስ አይውጣ? በ150 ግራም ሮቦት ላይ ማገናኛን በሁለት ጣት በሚነቀልበት ቦታ የሚያስቀምጥ ተማሪ ትልቁን ጥያቄ በትንሹ እየመለሰ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ሮቦት መሥራት የሚማሩ ወጣቶች ከሞተሩና ከኮዱ በፊት ይህን መማር ይገባቸዋል።

ጉልበት ያለውን ነገር የሠራ ሰው ማቆሚያውንም መሥራት ዕዳው ነው፤ ማቆሚያው ደግሞ በሠሪው ብቻ እጅ ከሆነ ሥራው አልተጠናቀቀም። ማገናኛው ከመሣሪያው ይራቅ፣ በግልጽ ይታይ፣ ለምት ዝግ፣ ለገላጋይ ክፍት ይሁን። በመጨረሻ ይሰካል፤ በመጀመሪያ ይነቀላል።